ያልተጠረገው ክፍል

ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ማስኬድ ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው ሰው አይገባውም። ነጭ ላይ ሲሳሳቱ ስህተቱ ወዲያው ያፈጣል። ጥቁር ግን ተንኮለኛ ነው። ስፌቱ ሲንጋደድ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል፤ ከዚያ ካባው ተለብሶ ሰው ፊት ሲወጣ ትከሻው ላይ ተሸብሽቦ ያዋርድሃል። ካባ ሰፊዋ ይህን የተማረችው ገና በልጅነቷ ነበር። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ያሏት ነገር "ከመርፌው በፊት መስኮትሽን ምረጪ" የሚል ነው። መረጠች። ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስም ከዚያው መስኮት ሥር አልተነሳችም።

ካባ ሰፊዋ የሚላት ሰፈሩ ሁሉ ነው። እውነተኛ ስሟን የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ እሷም ብትሆን የምትጠራት "እትዬ" እያለች ነው። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ተመራቂው፣ በከተማው ውስጥ ጥቁር ለብሶ ሰው ፊት የሚቆም ሁሉ አንድ ቀን እሷ ፊት ክንዱን ዘርግቶ ተለክቷል። በዚህ የተነሳ ባለሥልጣን አያስደነግጣትም። ትልቅ ሰው ማለት ለእሷ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ፣ እሱን በስፌት መደበቅ ያለባት ሰው ማለት ነው። አንድ ዳኛ ሲለኩ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ቢያደርጉ "ይተንፍሱ ጌታዬ፣ ችሎት ላይ መተንፈስዎ አይቀርም" ብላቸዋለች ይባላል። እሷ አላልኩም ትላለች። እህቷ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ባይ ናት።

ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩት ከእናታቸው በወረሱት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል የታናሽየዋ ግዛት ነው። ሰፈሩ ታናሽየዋን "መጥረጊያ" ይላታል፤ አቧራን ገና ከመንገድ ሳይነሳ የምታየው ሴት ናት። እሷ ዘንድ ወንበሩ ልብስ ለብሷል፣ ጠረጴዛው ልብስ ለብሷል፣ ሬዲዮው ሳይቀር ልብስ ለብሷል። ደንበኛ የሚለካውም እንግዳ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። የኋለኛው ክፍል ግን የካባ ሰፊዋ ነው፤ እዚያ መጥረጊያ አይገባም፣ ሴትዮዋም ሆነች ዕቃው።

እዚያ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተበትኗል፣ ጠመኔ ተረግጦ ዱቄት ሆኗል፣ ክር ከክር ተጠላልፏል፣ ጭንቅላት የሌለው የእንጨት ሰው ጥግ ይዞ ቆሟል። ለሌላ ሰው ጉድ ነው። ለእሷ ግን ወለሉ መሳቢያዋ ነው፤ የአንገትጌው ቁራጭ በግራ፣ የኪሱ በቀኝ፣ ገና ያልተወሰነለት ከወንበሩ ሥር። ስትሰፋ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ እጇን ወደ ታች ትሰድና የምትፈልገውን ታወጣለች። አንድ ጊዜ እህቷ ለደግ ብላ ብትጠርግላት የአንድ ጠበቃ አንገትጌ ከጥራጊው ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ስምምነት አለ። መጥረጊያ አይገባም፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በሩ ይዘጋል። የዚያን ክፍል መልክ ከሁለቱ በቀር ያየ የለም ማለት ይቻላል።

ከመስኮቱ ባሻገር የጎረቤት ዝቅ ያለ መጋዘን ነበር፤ ከመጋዘኑ ጣራ በላይ ሰማይ። ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በአምፖል ለምን አትሰፋም የሚል ካለ ጥቁር ጨርቅን አያውቅም። አምፖል ጥቁርን ያብለጨልጨዋል፤ የጨርቁ ፊት ከጀርባው፣ ስፌቱ ከጥላው አይለይም።

መጋዘኑን አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ገዛው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ይገባል። ኮፍያውን አውልቆ መጣ፣ ልብስ በለበሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ፕላኑን ዘረጋ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ወሰኑ ላይ ይቆማል፤ ከመስኮቷ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ ቦታ ላይ ማለት ነው። ፈቃዱ ወጥቷል አላት በትሕትና፣ ደስ እንዲላትም ለፊቱ ግድግዳ የሚቀባውን ቀለም አሳያት።

ካባ ሰፊዋ ቀለሙን አየችና ሳቀች። "ቀለምዎ ያምራል። እንግዲህ ጉባኤው ፊት እንገናኛለን" አለችው።

የሳቀችው ስለተማመነች ነው። በግንባታ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚባል ነበር፤ ሦስት ሰዎች ጥቁር ካባ ለብሰው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጎረቤት የሆነ ሁሉ ተነስቶ የመሰለውን ይናገራል። ካባቸውን የሰፋችው እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ያ አሠራር የሚያስመሰግን አልነበረም። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። በላይኛው መንገድ አንድ ሰውዬ የጀመረውን የአጥር ክርክር ልጆቹ ጨረሱለት። አንዱ ክርክር ሳያልቅ ቤቱ ያልቅ ነበር። ግን አንድ ደህና ነገር ነበረው፤ በመጨረሻ ሦስቱም ከወንበራቸው ተነስተው በእግራቸው ይመጣሉ፣ ቆመው ያያሉ። ካባ ሰፊዋ የተማመነችው በዚያ ነበር። አንድ ጊዜ መጥተው ካዩ፣ መስኮቱን ካዩ፣ ምን ያከራክራል።

ቢሮው ስትሄድ አዳራሹ ተቆልፏል። በመስታወቱ አጮልቃ ብታይ ወንበሮቹ ተነባብረው መዝገብ ተጭኖባቸዋል።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉባኤው መፍረሱን ነገራት። አሠራሩ ተሻሽሏል። ከእንግዲህ መጉላላት የለም። ይግባኙን አንድ መርማሪ ብቻ ያየዋል፤ በጽሑፍና በፎቶ። ችሎት የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ቦታ ድረስ መመላለስ የለም። ብርሃኑ ወይም መተላለፊያው የሚነካበት ጎረቤት አቤቱታውን ጽፎ፣ ፎቶ አያይዞ ያስገባል፤ መልሱ ቶሎ ይመጣለታል። መልሱ ካልተስማማው አዲስ ማስረጃ ይዞ አንድ ጊዜ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በቃ ነው። ሠራተኛው ይህን ሲያስረዳት ደስ ብሎት ነበር፤ እሱም በአሮጌው አሠራር ሰው ሲጮህበት ኖሯል።

እሷ ሰምታ ስትጨርስ "ካባዎቹስ" ብላ ጠየቀች። የቱ ካባ አላት። ተወው አለችና ወጣች።

አቤቱታው አላስቸገራትም። "ሥራዬ ጥቁር መስፋት ነው። የምሰፋው በመስኮቴ ብርሃን ነው። ግድግዳው ከቆመ መስኮቴ ይሞታል፣ መስኮቴ ከሞተ ሥራዬ አለቀ" ብላ ጻፈች፤ ለአቤቱታ የሚበዛ ነገር አልነበራትም። ጣጣው የመጣው ከፎቶው ነው።

ፎቶ አንሺው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ሙሽራ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ እንዳለ ታናሽየዋ ነፍሷን አታውቅም። "እትዬ፣ የመንግሥት ሰው ይህን ክፍል ሊያይ ነው። እንዲህ ሆነን ነው የምንታየው" አለች። ካባ ሰፊዋ በሌላ ቀን ቢሆን ፊት ትነሳት ነበር። ያን ቀን ግን ወለሉን አየችና የማታውቀው ሃፍረት ሽቅብ መጣባት። ዕድሜ ልኳን ያን በር ዘግታ የኖረች ሴት ናት። የለካቻቸው ዳኞች ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ቁርጥራጩን፣ ጠመኔውን፣ እራፊውን ሲያዩ በዓይኗ ውልብ አለባት። እሺ አለች። በዚህች እሺ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው።

ታናሽየዋ እንዲህ ያለ ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። ቁርጥራጩ በጆንያ ታጭቆ አልጋ ሥር ገባ። ጭንቅላት የሌለው የእንጨት ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ታሰረ። የስፌት መኪናው ላይ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ ተደረገበት፣ በላዩም የአበባ ማስቀመጫ ቆመ። መስኮቱ ስስ መጋረጃ ለበሰ። ካባ ሰፊዋ ለክት ያስቀመጠችውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው ሁለት ትልልቅ መብራቶቹን ግራና ቀኝ ተከለ፣ "ፈገግ በይ እማማ" አለ፣ አነሳ። ቤቱ ሄዶ ደግሞ ትንሽ ብርሃን ልጨምርበት ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ አፈካው። ሁሉም የተቻላቸውን አደረጉ። በሰፈሩ ታሪክ እንደዚያ ያማረ የአቤቱታ ፎቶ ገብቶ አያውቅም።

መልሱ እንደተባለው ቶሎ መጣ። ካባ ሰፊዋ መስኮቷ ሥር ቆማ አነበበችው። ከቀረበው ፎቶ መረዳት እንደተቻለው ክፍሉ የእንግዳ መቀበያ እንጂ የሥራ ቦታ አይደለም፤ በቂና የተትረፈረፈ ብርሃንም አለው፤ ስለሆነም አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

የተትረፈረፈ የሚለው ላይ ስትደርስ መልሳ አነበበችው። መጀመሪያ የተናደደችው ከሥሩ በፈረመችው መርማሪ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ስታስቀምጥ ግን ንዴቱ ዞሮ ወደ ራሷ መጣ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ታናሽየዋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ነጋዴው ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ረጃጅም እንጨቶች ተከለና አቧራው ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ብሎ ሸራ ወጠረባቸው፤ ለእነሱ አስቦ ነው። ሸራው ሲወጠር ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ መሸ። በዚያ ሰሞን ካባ ሰፊዋ አምፖል አብርታ ለአንዲት ጀማሪ ጠበቃ ካባ ሰፋች። ልጅቷ በደስታ ለብሳው ደጅ ስትወጣ ፀሐይ አረፈበት፤ አንዱ እጅጌ ተገልብጦ ተሰፍቷል። የጨርቁ ጀርባ በፊቱ በኩል ነው። ልጅቷ አላየችውም፣ ካባ ሰፊዋ ግን አየችው፣ መንገድ ላይ ሮጣ ደርሳ አስወለቀቻት። በሙያዋ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። እጅጌውን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትፈታ ጀመር።

ነጋዴው በዚያ ሲያልፍ አያትና አዘነ። ጥሩ ጥሩ መብራት እኔ አስገባልዎታለሁ፣ ወጪው የኔ ነው አላት።

"ፀሐዬን ወስደው አምፖል ሊሰጡኝ ነው" አለችው።

"እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ። ሕጉ ነው የፈቀደልኝ።"

"እንግዲያው ሕጉን አነጋግረዋለሁ" አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

በማግስቱ ቢሮ ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንደ ፊቱ ደስ ብሎት አልነበረም። አዲስ ማስረጃ አለሽ ወይ አላት። ሌላ ፎቶ አመጣለሁ አለች። ያው ክፍል ከሆነ አዲስ አይባልም አላት። መርማሪዋን ላነጋግር አለች። መርማሪዋ ባለጉዳይ አታነጋግርም፤ አማላጅ እንዳይበዛባት፣ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ተብሎ ነው። እሱም ቢሆን ሐሰት አልነበረም። ካባ ሰፊዋ ሽንጧን ገትራ ልትከራከር ከፊቷ አንድ ሰው ፈለገች፤ ሰው አልነበረም፣ መስኮትና ወረቀት ብቻ ነበር። እንደዚያ ቀን አቅም ያጣችበት ቀን ትዝ አይላትም። ልትወጣ ዞር ስትል ግን ኮሪደሩን አየች። በአንድ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ የሚቀመጥበት ሰው አጥቷል።

በነጋታው ገና በሩ ሲከፈት በእጅ የምትዞረውን አሮጌ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ መጣች። አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋች፣ መነጽሯን አደረገች፣ መስፋት ጀመረች። መኪናዋ ስትዞር ኮሪደሩ በሙሉ ይንቀጫቀጫል።

ዘበኛው እየተጣደፈ መጣ። "እማማ፣ እዚህ ሥራ መሥራት አይቻልም" አላት። እሷ መልሱን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። አነበበው።

"የተትረፈረፈ ብርሃን አለሽ ተብያለሁ" አለችው። "ቤቴ ፈልጌ አጣሁት። እዚህ አገኘሁት።"

ዘበኛው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። እንዲህ ያለውን ሰው አስወጣ የሚል ትእዛዝ የለውም፤ አትጮህም፣ አትሳደብም፣ መንገድ አልዘጋችም። አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ ቢቆጣ ቢለማመጥ ፍንክች አላለችም። ባለጉዳዩ በጉዳዩ እየተሳበ ከበባት፤ አንዱ ምን ሆነሽ ነው ይላታል፣ እሷ ወረቀቱን ታሳየዋለች፣ እሱ ለሚቀጥለው ያስረዳል። በሁለተኛው ቀን እሷ መናገር አላስፈለጋትም። እንዲያውም የራሱ መዝገብ የጠፋበት አንድ ሽማግሌ ታሪኳን ከእሷ አሳምሮ ያወራላት ነበር፤ በእሱ አፍ ባለ አራት ፎቁ ባለ አሥር ፎቅ ሆኗል። ማታ ማታ መኪናዋን ተሸክማ ትሄዳለች፣ ጠዋት ተሸክማ ትመጣለች። ታናሽየዋ አስኮነንሽን፣ ሰው ምን ይላል እያለች ትከተላታለች፤ ግን ምሳ ይዛላት ነው የምትከተላት።

በመጨረሻ መርማሪዋ ራሷ ወጣች። ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ ወረቀት ሲያይ የሚውል ሰው ዓይን ነው። ካባ የላትም፣ ተራ ሹራብ ነው የለበሰችው። የስፌት መኪናው ድምፅ ግድግዳ አልፎ እየገባ ሥራ እንዳስፈታት ተናገረች፤ ቁጣ ግን አልነበረባትም። ካባ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች።

"ይህን ጉዳይ እኔ ነኝ ያየሁት እማማ" አለች መርማሪዋ። "ፎቶዎን ደጋግሜ አይቻለሁ። ብሩህ ክፍል ነው።"

"ፎቶው ውሸት ነው።"

"ማን ዋሸ?"

ካባ ሰፊዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ሽማግሌው እንኳ አፉን ዘጋ።

"እኔ" አለች። "አፍሬ ነው። ክፍሌ ጉድ ነው። እንዲህ ሆኜ አልታይም ብዬ አስጠረግኩት፣ አበባ አስቀመጥኩበት፣ መብራት አስተከልኩበት። አንቺ ያየሽው እኔ የማልኖርበትን ቤት ነው። ጉባኤው ቢሆን ኖሮ መጥቶ መጋረጃውን ይገልጥ ነበር።"

መርማሪዋ ዝቅ ብላ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ እንደሚያስጠይቅ ለስላሳ በሆነ ድምፅ ነገረቻት።

"ይጠይቁኝ" አለች ካባ ሰፊዋ። "እኔ ከመጀመሪያም የፈለግኩት ሰው እንዲጠይቀኝ ነው።"

መርማሪዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ ያዘችው። ብታዝንላትም ደንቡ ቦታው ድረስ ሂጂ እንደማይል አስረዳቻት። ሥራው በጽሑፍና በፎቶ ነው፤ ለአንዱ ከሄደች ለሁሉም መሄድ አለባት፣ ያኔ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የድሮው ቀጠሮ ተመልሶ ይመጣል። ካባ ሰፊዋ ሰማቻት። የልጅቷን ነገር ከንቱ ነው አላለችም፤ ፍሬ አለው።

"ሂጂ አይልም። አትሂጂስ ይላል?"

መርማሪዋ ደንቡን በልቧ አገላበጠች። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች መሄድን የረሱት እንጂ የከለከሉት አይመስልም። "አይልም" አለች በመጨረሻ።

በምሳ ሰዓት ሄዱ። ካባ ሰፊዋ መኪናዋን ተሸክማ ከፊት፣ መርማሪዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላ። ታናሽየዋ ምሳ ልታመጣ ስትወጣ መንገድ ላይ አየቻቸውና ቆሌዋ ተገፈፈ። ዞራ ሮጠች። እነሱ ቤት ሲደርሱ የኋለኛው ክፍል በር ተከፍቷል፣ እሷ በጉልበቷ ወድቃ ቁርጥራጩን በሁለት እጇ እያፈሰች ነው። ጆንያው ግማሽ ሞልቷል።

"ተዪው" አለች ካባ ሰፊዋ።

"እትዬ፣ በሞቴ፣ የመንግሥት ሰው ናት።"

"ተዪው ብዬሻለሁ። የያዝሽውንም መልሰሽ ጣዪው። አንዲት ክር እንዳትነኪ።"

ታናሽየዋ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። እንባዋ መጣ። ካባ ሰፊዋ ራሷ ጎንበስ ብላ ጆንያውን በቂጡ ይዛ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ዳኞቹ ሁሉ ተሰልፈው ቢያዩዋት ከዚያ የበለጠ አታፍርም ነበር። ግን ዘረገፈችው። ከዚያ መኪናዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጠች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እህቷን አምፖሉን እንድታጠፋው አዘዘቻት።

ክፍሉ ጨለማ ሆነ። መስኮቱ ሙሉ ነው፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ ከመስታወቱ ማዶ ግን ሸራ ብቻ ነው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗ እስኪለምድ ጠበቀች። ካባ ሰፊዋ ጨርቁን አንስታ እስከ አፍንጫዋ አቀረበችው፤ ስፌቱን በዓይኗ ስታጣው በጣቷ ጫፍ ትዳስሰዋለች፣ መርፌው የት እንዳለ የምታውቀው ሲወጋት ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደም አይታይም። ማስረዳት ሰልችቷት ነበር። አንድ እጅጌ እስክታጋምስ መርማሪዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

በኋላ መርማሪዋ ስልኳን አወጣች። አሮጌው ፎቶ ባስገባችው በካባ ሰፊዋ ፊርማ ውድቅ ከሆነ ይህኛው አዲስ ማስረጃ ሊባል እንደሚችል ተናገረች፤ ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር። ከዚያ ካባ ሰፊዋን አየቻት። የሥራ ሽርጥ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ላይ የክር ብናኝ አለ፣ አንዱ የመነጽሯ ጆሮ በክር ታስሯል።

"ፀጉርዎን ላስተካክል ካሉ እጠብቃለሁ" አለቻት።

"አላስተካክልም" አለች ካባ ሰፊዋ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ረጅም አልነበረም። ካባ ሰፊዋ ቢሮ ሄዳ የመጀመሪያው ፎቶ ሐሰት መሆኑን ፈረመች፤ ተግሣጽ ተሰጣት፣ አንገቷን ሳትደፋ ተቀበለችው። መርማሪዋም ቦታ ድረስ ለምን ሄድሽ ተብላ አለቆቿ ፊት ቀረበች። አትሂጂ የሚል ደንብ ውስጥ አላገኘሁም ብላ መለሰች ይባላል። ጉባኤው አልተመለሰም፣ አዳራሹም እንደተቆለፈ ነው። ነገር ግን ቆየት ብሎ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የአቤቱታ ፎቶ መብራት ጠፍቶ፣ ክፍሉም በአዘቦት ቀን እንደሚውለው ሆኖ ይነሳ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ጎረቤት ከጠየቀ መርማሪው ቦታው ላይ ተገኝቶ ሊያይ ይችላል የሚል አለ። ካባ ሰፊዋ ስታነበው "ሊያይ ይችላል" የሚለው አልጣማትም፤ "ያያል" መባል ነበረበት ብላ ሠራተኛውን ነዘነዘችው፣ አሁንም ባለፈች ቁጥር ትነዘንዘዋለች።

ሕንፃውም ቆመ። እንደ ድሮው መጋዘን ዝቅ ካለው ከመሬቱ ፎቅ በላይ ያለው ግን ከመስኮቷ ትይዩ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ በአዲሱ ማስረጃ ተወሰነ። ነጋዴው ተቆጣ፣ እንደገና መሐንዲስ ጠራ፣ ብዙ ቀን ሰላምታ ነሳት። ሲያልቅ ፎቁ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ልብስ መሰለ። ሰፈርተኛው "ካባ ሰፊዋ ያጠበበችው" ይለዋል፤ ነጋዴው ራሱ ለተከራይ አድራሻ ሲናገር በዚሁ ስም ነው የሚናገረው።

መርማሪዋ ያነሳችውን ፎቶ አሳትማ አንድ ቅጂ ላከችላት። ፎቶ አንሺው አየና ሰቀጠጠው፤ እማማ ትንሽ ላፍካልሽ፣ ይህቺን ክር እንኳ ከፀጉርሽ ላይ ላጥፋ አላት። ጣትህን እንዳታሳርፍበት አለችው። ፍሬም አስገዝታ ሰቀለችው። የሰቀለችውም በኋለኛው ክፍል አይደለም፤ በፊተኛው ክፍል፣ ልብስ ከለበሰው ሬዲዮ በላይ፣ ዳኛ ሁሉ ሊለካ በሚቆምበት ግድግዳ ላይ ነው። በፎቶው ውስጥ አንዲት ሴት ጨለማ ውስጥ አጎንብሳለች፣ በእግሯ ሥር እራፊ ሞልቷል።

ታናሽየዋ እስካሁን አልለመደችውም። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ፈጥና ትሄድና ፎቶውን ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች። ካባ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ትወጣለች፣ እንግዳውን ደህና ዋሉ ትላለች፣ ፎቶውን መልሳ ወደ ሰው ታዞረዋለች፣ ከዚያ ክንድዎን ዘርጉ ትላለች። የኋለኛው ክፍል በር ከጀርባዋ ክፍት ነው፤ ብርሃኑም በዚያ በኩል ይመጣል።